የአንድ ጋብቻ ሥነ ሥርዓት የሥራ ማስታወሻ፦ ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ማግስቱ

የሚሠራው ሥነ ሥርዓት ይህን ይመስላል፦ 90 እንግዳ፣ ከቤት ውጭ በአትክልት ቦታ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ 20 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ። ሙሽራው ከቀድሞ ትዳሩ የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። የሙሽሪት አባት አርፈዋል፤ እናቷ አሉ። የሃይማኖት ሥርዓት አልጠየቁም። የጠየቁት ሌላ ሰው ሠርግ ላይ ቢነበብ የማይሆን፣ የእነሱ ብቻ የሆነ ሥነ ሥርዓት ነው። ርዝመቱ ከ25 ደቂቃ እንዳያልፍ ተስማምተናል።

የሥነ ሥርዓት መሪና የመድረክ መሪ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመድረክ መሪው ግብዣውንና ጭፈራውን ያስተናብራል። የሥነ ሥርዓት መሪው ጥንዶቹ ቃል የሚገባቡበትን ክፍል ይጽፋል፣ ያለማምዳል፣ ይመራል። ማስታወሻው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ይከተላል።

5 ወር ሲቀረው፦ የመጀመሪያው ውይይት

አንድ ሰዓት ይበቃል። ስለ ጽሑፉ ምንም ሳይነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጋብቻውን በሕግ የሚያጸናው ማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለሲቪል ሥነ ሥርዓት መሪዎች የማጋባት ሥልጣን ትሰጣለች፤ ተጋቢዎች የማስታወቂያ ቅጹን ቢያንስ ከ1 ወር፣ ቢበዛ ከ18 ወር በፊት ለመሪው ማስረከብ አለባቸው፤ መሪው ሳይቀንስ የሚናገራቸው የሕግ ቃላትም አሉ። ስኮትላንድ ውስጥ የሂዩማኒስት (ሃይማኖት ሳይሆን ሰውን ማዕከል ያደረገ አስተሳሰብ የሚከተሉ) መሪዎች የሚፈጽሙት ጋብቻ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሕግ ይጸናል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ መሪ የሚመራው ሥነ ሥርዓት በራሱ ጋብቻ አያጸናም፤ ጥንዶቹ በመዝገብ ጽሕፈት ቤት ለብቻው መፈራረም አለባቸው። ይህ ካልተጣራ ሰዎች ያማረ ሠርግ ደግሰው ሳይጋቡ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የእነዚህ ጥንዶች ሕጋዊ ፊርማ ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በመዝገብ ሹም ፊት ይፈጸማል። ይህ ውሳኔ ጽሑፉን ወዲያው ይነካዋል። «በተሰጠኝ ሥልጣን መሠረት» የምትለዋ ሐረግ ትወጣለች፤ የሌለንን ሥልጣን አለን ማለት ነውና። ለፊርማና ለምስክሮች የሚያዘው አራት ደቂቃ ያህል ጊዜም ይተርፋል።

ከዚያ ውሉ ይጻፋል፦ ቀንና ሰዓት፣ ልምምዱ በሥራው ውስጥ መካተቱ፣ ረቂቁ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚታረም፣ መሪው ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ዝናብ ከመጣ ውሳኔውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጥቁር ደመና ሲመጣ ሙሽራው፣ እናትየው፣ ፎቶ አንሺውና የቦታው ኃላፊ አራት የተለያየ ውሳኔ ይሰጣሉ። እዚህ ወሳኟ የሙሽሪት ታላቅ እህት ሆናለች፤ የመጨረሻ ሰዓቷም 7 ሰዓት ነው፤ ማለትም ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ሰዓት በፊት። ወንበሮቹን ወደ አዳራሽ ለማዛወር ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃም።

4 ወር ሲቀረው፦ መጠይቁ

ተመሳሳይ 14 ጥያቄዎች ለሁለቱም ለየብቻ ተልከዋል፤ አንዱ የሌላውን መልስ እንዳያይ ተነግሯቸዋል። ለየብቻ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አብረው ሲጽፉ ጨዋታ የሚያውቀው አንዱ ይጽፍና ሌላው «እኔም እንደዚያው» ይላል። ሁለተኛ፣ የአንድ ቀን ትዝታቸው አይገጥምም፤ ልዩነቱ ደግሞ ለጽሑፉ ሀብት ነው።

የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ይወስነዋል። «በእሱ ላይ የምትወጂው ምንድን ነው?» ሲባል የሚመጣው «ደግነቱ፣ ትዕግሥቱ፣ ቅንነቱ» ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለማንም ሙሽራ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ወደ ድርጊት ይገፋሉ፦ ባለፈው ወር ሳትጠይቂው ያደረገልሽ ነገር ምንድን ነው? ከተጣላችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው፣ ምንስ ብሎ ነው የሚጀምረው? እሷ ቤት ስትገባ ከምን ታውቃለህ? ካንተ ሌላ ማንም የማያውቀው ልማዷ ምንድን ነው፣ ለሰው ቢነገርስ ቅር ይላታል? የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ፈቃድን ከመልሱ ጋር ታመጣለች።

በመጠይቁ ማብቂያ ላይ ለጽሑፉ ሳይሆን ለጥንቃቄ የሚሆኑ ጥያቄዎች አሉ። ከቤተሰብ የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ? የተፋቱ ወላጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? በሕይወት የሌሉ፣ ስማቸው ሊነሳ የሚገባ ሰዎች እነማን ናቸው? ፈጽሞ እንዳይነሳ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ለዚህ የመጨረሻው ሁለቱም በአንድ መስመር መልሰዋል፤ የተጻፈው በጽሑፉ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲታይ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል።

መልሶቹ ሲመጡ

እሷ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ትሆናለች። እሱ የመሬት ቀያሽ ነው። መልሶቹ ታትመው በሦስት ቀለም ተሰመረባቸው፦ ድርጊት፣ የተናገሩት ቃል በቃሉ፣ ሁለቱ የተለያዩበት። ቅጽል ብቻ የያዘ ዓረፍተ ነገር አይሰመርበትም።

ከሁለቱ መልሶች መካከል አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። እሱ ስለ ራሱ አልጻፈውም፤ እሷ ግን እንዲህ ብላለች፦ ከሌሊት ሥራ በምትመለስበት ጠዋት እሱ ቀድሞ ወጥቷል፣ ግን የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ድርብ ሆኖ ተዘግቶ፣ የበሩ ደወል ባትሪ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች። ማንም እንዳይቀሰቅሳት። ልጁ ባትሪዋን ከሰዓት በኋላ ትመልሳለች። የሥነ ሥርዓቱ ምሰሶ ይህቺ ባትሪ ሆነች። ደግ ነው ማለት አላስፈለገም።

የመጀመሪያ ትውውቃቸውን እሱ «ዝናብ እየዘነበ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ እሷ ደግሞ «ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር» አለች። ማን ልክ እንደሆነ አልተጣራም። ሁለቱም እንደጻፉት፣ የእያንዳንዳቸው ስም ተጠርቶ ይገባል።

10 ሳምንት ሲቀረው፦ አጽሙና የደቂቃ ስሌቱ

መግቢያ 2 ደቂቃ፣ አቀባበልና መታሰቢያ 3፣ የጥንዶቹ ታሪክ 6፣ ንባብ 2፣ የፈቃደኝነት ጥያቄ 1፣ ቃል ኪዳን 4፣ ምልክታዊ ሥርዓት (በኋላ የተመረጠው ገመድ ማሰር) 3፣ ቀለበት 2፣ ማብሰርና መሳሳም 1፣ መውጫ 1። ድምር 25።

ደቂቃን ወደ ቃል ለመቀየር በማይክሮፎን ፊት፣ ከቤት ውጭ፣ በእርጋታ የሚነበብ አማርኛ በደቂቃ 85 ቃል ተብሎ ተይዟል። የአማርኛ ቃል አንዱ ብቻውን ባለቤቱን፣ ግሱንና ተሳቢውን ስለሚሸከም ለሌላ ቋንቋ የወጡ የቃል ስሌቶች እዚህ አይሠሩም፤ በእነሱ የሄደ ጽሑፍ መሪውን ያስሮጠዋል። የስድስት ደቂቃው ታሪክ እንግዲህ 510 ቃል ያህል ነው።

መግቢያውም ይሰላል። በሥነ ሥርዓት እርምጃ ሰው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 20 ሜትር 40 ሰከንድ ይወስዳል። አምስት ቡድን አለ፦ ሦስት ጥንድ ሚዜዎች፣ ልጅቱ፣ ከዚያ ሙሽሪት ከእናቷ ጋር። ቀጣዩ ቡድን የፊተኛው መሐል መንገድ ሲደርስ ቢነሳ ልዩነቱ 20 ሰከንድ ነው፤ የመጨረሻው በ80ኛው ሰከንድ ተነስቶ በ120ኛው ይደርሳል። ጥንዶቹ የመረጡት ሙዚቃ ግን ዋናው ዜማ የሚገባው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነበር፤ ሙሽሪት ቆማ ካበቃች በኋላ ማለት ነው። መፍትሔው ሙዚቃውን ከመሐል ማስጀመር ነው። ፋይሉ ተቆርጦ ለዲጄው ተልኳል፤ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከመሣሪያው እንዲያጫውተውም ተነግሮታል።

8 ሳምንት ሲቀረው፦ ረቂቁ

ታሪኩ በጊዜ ቅደም ተከተል አልተጻፈም። ተዋወቁ፣ ተዋደዱ፣ ተጫጩ የሚለው መንገድ እንግዳውን ፍጻሜው ወደሚታወቅ ቦታ ይመራዋል። እዚህ የሚጀምረው ከደወሉ ባትሪ ነው፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል፣ ዝናቡንና ፀሐዩን ያነሳል፣ ልጅቱ ባትሪዋን መመለስ ስትጀምር ያቆማል።

የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «እርስ በርሳቸው የሚያሳዩት መተሳሰብና መከባበር ለሁላችንም አርአያ የሚሆን ነው።» ጮክ ተብሎ ሲነበብ ባዶነቱ ወዲያው ይሰማል። በምትኩ የገባው፦ «እሷ ተኝታ ሳለ በዚያ ቤት በር ይንኳኳል እንጂ ደወል አይጮኽም። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዷል።» አጭር ነው፣ ለመስማት ይቀላል፣ ጎረቤቶቹም እንግዶች ስለሆኑ በውስጡ ራሳቸውን ያገኛሉ።

ሁሉም አንቀጽ የሚፈተነው ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰዓት ተይዞ በማንበብ ነው። በአንድ ትንፋሽ የማይወጣ ዓረፍተ ነገር ሁለት ይሆናል። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «በተጨማሪም» የሚሉ የደብዳቤ ማያያዣዎች ይወጣሉ። ሦስት «የ» ተከታትለው የመጡበት ሐረግም ይፈታል፤ «የሙሽራው የታላቅ ወንድሙ የልጅነት ጓደኛ» ሲባል አድማጩ ሦስተኛው ላይ ይጠፋል።

የልጅቱ ነገር ብዙ ጥንቃቄ ጠይቋል። በጽሑፉ ውስጥ ሙሽሪት «እናት» አትባልም፤ ልጅቱ እናት አላት። ልጅቱ ቃል እንድትገባም አይጠየቅም፤ የ8 ዓመት ልጅ በ90 ሰው ፊት «እሺ» ከማለት ሌላ ምርጫ የላትም፣ ትዳሩም የእሷ ኃላፊነት አይደለም። የሚሰጣት ሥራ በእጅ የሚሠራ፣ ማይክሮፎን የሌለው፣ ቢከብዳት ሌላ ሰው ሊወስደው የሚችል ነው። ፈቃደኛ መሆኗን አባቷ ለብቻዋ ጠይቋታል፣ እሺ ብላለች። የሙሽሪት እህት ተጠባባቂ ናት።

የአባትየው መታሰቢያ በአቀባበሉ ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከነማዕረግ ስማቸው ይነሳል፤ ከዚያ ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝምታ። ቦታው ሆን ተብሎ ከቃል ኪዳኑ ርቋል። ቃል ኪዳኑ አጠገብ ቢሆን ሙሽሪት ለቅሶዋን ሳትጨርስ እንድትናገር ትገደዳለች። ዓረፍተ ነገሩ አስቀድሞ ለእናትየው ተነቦላቸዋል፤ አንዲት ቃል አስቀይረዋል።

7 ሳምንት ሲቀረው፦ ቃል ኪዳኑ

ሁለቱም የራሳቸውን ለመጻፍ ወስነዋል፤ እስከ ዕለቱ ድረስ አንዱ የሌላውን አያይም። መሪው ግን ሁለቱንም ያያል፤ ያለዚያ አደጋ አለ። ሲመጡ የእሱ አራት ደቂቃ፣ የእሷ 40 ሰከንድ ነበር። የእሱ ቀልድ የበዛበት፣ የእሷ ጥብቅ ነበር። የአንዱን ይዘት ለሌላው ሳይገልጡ ማመጣጠን ይቻላል፦ ለሁለቱም «ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር፣ አንድ ልትጠብቀው የምትችለው ተስፋ፣ አንድ ለከባድ ቀን የሚሆን ቃል» የሚል ተመሳሳይ መመሪያ ተላከ። በሁለተኛው ዙር ተቀራርበው መጡ።

«ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት ሲበዙ ለጸሐፊው ምልክት ይደረግለታል። «በጭራሽ አላስቆጣሽም» ማንም የማይጠብቀው ቃል ነው። «ተቆጥቼ አልተኛም» ግን ይቻላል።

ከራሳቸው ጽሑፍ ቀጥሎ መሪው እያስቀደመ የሚደግሙት አጭር የጋራ ቃል አለ። አማርኛ እዚህ የራሱ ችግር አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲቆራረጥ ደጋሚው ምን እያለ እንደሆነ የሚያውቀው በመጨረሻው ቁራጭ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ እንዲህ ነበር፦

«በደስታም ሆነ በችግር ጊዜ / ከጎንሽ ሳልለይ እንደምኖር / በቤተሰቦቻችንና በወዳጆቻችን ፊት / ቃል እገባልሻለሁ።»

ሦስቱ ቁራጮች ተንጠልጥለዋል። የተጨነቀ ሙሽራ ሁለተኛው ላይ ይጠፋዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ግስ እንዲቆም ተደርጎ እንደገና ተጻፈ፦

«ቤተሰቦቻችን ይስሙኝ። / ወዳጆቻችን ይስሙኝ። / በደስታሽ ቀን አብሬሽ ነኝ። / በችግርሽ ቀን አብሬሽ ነኝ። / ቃሌ ነው።»

ለእሷ «በደስታህ»፣ «አብሬህ» ይሆናል። ይህን በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ በአእምሮ እየቀየሩ ማንበብ አይገባም፤ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ገጽ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ሌላ ሰው በሴቷ ገጽ ተሳስቶ የቀረ «ሽ»፣ በወንዱ ገጽ ተሳስቶ የቀረ «ህ» ለመፈለግ ብቻ ብሎ ያነባቸዋል። ተገልብጦ የቀረ አንድ ፊደል በማይክሮፎን ሲሰማ አዳራሽ ሙሉ ያስቃል፣ ሙሽራዋም መቀጠል ያቅታታል። መሪው ጥንዶቹን «አንተ»፣ «አንቺ» እንዲላቸው እነሱው መርጠዋል፤ እናቶችና አባት ግን በጽሑፉ ሁሉ በአክብሮት ይጠራሉ።

6 ሳምንት ሲቀረው፦ ምልክታዊው ሥርዓት

አራት አማራጭ ቀርቦ ነበር። የአንድነት ሻማ ከቤት ውጭ ስለሆነ ወደቀ፤ ቀላል ነፋስ ያጠፋዋል፣ የጠፋ ሻማ ደግሞ በእንግዳ ዓይን መጥፎ ምልክት ነው። ቀለበቶቹን በከረጢት አድርጎ በእንግዶች እጅ ማዞር ለ30 ሰው ያምራል፤ ለ90 ሰው በ6 ሰከንድ ሂሳብ 9 ደቂቃ ነው፣ ከጠቅላላው ጊዜ ከሲሶ በላይ። ሁለት ቀለም አሸዋ በአንድ ብልቃጥ መደራረብ ለልጅ ይመቻል፤ አንድ ሊትር ብልቃጥ ለመሙላት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አሸዋ ይፈልጋል፣ እስከ አፉ ካልሞላ ግን ሲጓጓዝ ንብብሩ ይደባለቃል። የተመረጠው እጅን በገመድ ማሰር ነው።

ገመዱ ሦስት ዘርፍ ያለው ጉንጉን ነው፦ አንድ የእሱ፣ አንድ የእሷ፣ አንድ ደግሞ ከአባቷ ሸሚዝ የተቆረጠ። የተጠናቀቀው ርዝመት 2.7 ሜትር መሆን አለበት፤ ከ2 ሜትር ካነሰ ጫፉ ለጣት አይደርስም። ጉንጉን ከርዝመት ሩብ ያህሉን ይበላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘርፍ በ3.8 ሜትር ተጀምሯል። ከሸሚዙ ጀርባ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ክፍልፋዮች ወጥተው ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተዋል። ስፌቱ በሰያፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቢሰፋ መጋጠሚያው ይወፍርና ቋጠሮው እዚያ ላይ ይነቃል። ሁሉም ጥጥ ነው። የሳቲን ሪባን ይንሸራተታል፣ ቋጠሮው ራሱን ይፈታል።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጣሉ። ልጅቱ ገመዱን አምጥታ አጋማሹን በእጆቻቸው ላይ ታጋድማለች። መሪው ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከእጃቸው ሥር ያሻግራል፤ እያንዳንዳቸው ወደ እነሱ የመጣውን ጫፍ በጣታቸው ይቆነጥጣሉ። ጫፉን ሳይለቁ እጃቸውን በዝግታ ወደ ራሳቸው ሲስቡ ገመዱ ከእጃቸው ሾልኮ መሐል ላይ ይቋጠራል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል፦ ጫፉን ቀድሞ መልቀቅና ባለ ፈርጥ ቀለበት። ጥጡ በፈርጡ ይያዛል። ስለዚህ ገመዱ ከቀለበት በፊት ይመጣል፤ የእጮኝነት ቀለበቷም ለጊዜው ወደ ግራ እጅ ይዛወራል። በዚያው ገመድ ቤታቸው እንዲለማመዱ ተልኮላቸዋል።

4 ሳምንት ሲቀረው፦ ድምፅ

ገመዱ የማይክሮፎኑን ጉዳይም ወሰነ። መሪው ሁለት እጁ ስለሚያዝ የእጅ ማይክ አይሆንም። ደረት ላይ የሚሰካ ሽቦ አልባ ማይክ፣ ከአገጭ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ያለው ታዟል። ቃል ኪዳኑን ከመሪው ማይክ መቅዳት አይቻልም፤ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ድምፃቸው ይደክማል። ሁለተኛ ማይክ ለሙሽራው ይሰካል። ፊት ለፊት ሲቆሙ የእሷንም ድምፅ ይይዛል፣ በቀሚሷ ላይም ምንም አይንጠለጠልም። እስከ ቃል ኪዳኑ ድረስ ግን መዘጋት አለበት፤ የሚያንሾካሹኩት ሁሉ በስፒከር ይወጣል።

2 ሳምንት ሲቀረው፦ የመጨረሻው ቅጂ

ወረቀቱ የማያንጸባርቅ፣ ፊደሉ 18 ነጥብ፣ በመስመሮቹ መሐል አንድ ተኩል ክፍተት ያለው። የግዕዝ ፊደል በትንሽ መጠን «ሰ»ን ከ«ለ»፣ «ሽ»ን ከ«ሸ» አያስለይም፤ የሚነበበውም በፀሐይ ውስጥ ነው። አንቀጽ ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገርም። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ በግማሽ ኤ4 ጥቁር ማኅደር ውስጥ በቀለበት ታስረዋል። ፕላስቲክ ሽፋን አልገባም፤ ያበራል። ስልክና ታብሌት ለጽሑፍ አንጠቀምም፤ በፀሐይ ይጨልማሉ፣ መልእክት ሲመጣም ገጹን ይሸፍነዋል።

መዘግየት ቢኖር የሚዘለሉ ቦታዎች ከወዲሁ በጠርዝ ላይ ተሰምሮባቸዋል፦ ንባቡ 2 ደቂቃ፣ ከታሪኩ አንድ አንቀጽ 90 ሰከንድ። ዕለቱ ላይ ቆሞ የሚቆርጥ ሰው የሚጠቅመውን ይቆርጣል። የሁለቱ ቃል ኪዳን ተጨማሪ ቅጂ በማኅደሩ ጀርባ ኪስ ውስጥ ነው፤ የጽሑፉ ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ ከአንደኛ ሚዜ ጋር ነው።

ዋዜማው፦ ልምምድ

ልምምዱ የተያዘው በዚያው በ10 ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋን ለማየት። በታሰበው አቋቋም የዛፍ ጥላ የሙሽሪትን ፊት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ ተዛወሩ፣ መሬቱ ላይም ምልክት ተደረገ። ጥንዶቹ ጀርባቸውን ለእንግዳ እንዳይሰጡ በግማሽ ወደ ውጭ ዞረው ይቆማሉ። መሪው ከእነሱ አንድ ሜትር ይርቃል።

መጀመሪያ የሚለማመዱት መውጫውን ነው፤ ሁሉም የት እንደሚቆም ካወቀ በኋላ መግቢያው ይቀላል። ሚዜዎች ጠፍጣፋ ጫማ አድርገው ሲለማመዱ ይፈጥናሉ፤ ዕለቱን የሚያደርጉትን ጫማ እንዲያመጡ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ቃል ኪዳኑ አይነበብም፤ ትኩስነቱ ከዕለቱ በፊት መጥፋት የለበትም። የገመዱ ሥርዓት ግን ሙሉ በሙሉ ተሠርቷል፣ ልጅቱ ባለችበት። ገመዱን ለብቻዋ ይዛ መቆም ስላስፈራት ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ስሟ ሲጠራ ብቻ እንድትነሳ ተደረገ።

ቀለበት አገባብም ተለማምደዋል። በሙቀት ጣት ያብጣል። የሚያጠልቀው እስከ መገጣጠሚያው ያደርሳል፤ የቀረውን ባለ ጣቱ ራሱ ይገፋዋል። መጋፋት አያስፈልግም።

ዕለቱ

8፡30 መድረስ። 9፡15 የድምፅ ፍተሻ፣ አዲስ ባትሪ፤ ስፒከሩ ከማይኩ ኋላ ከሆነ ስለሚያፏጭ ወደ ፊት ተገፋ። 9፡45 የቀለበቱ ሣጥን ተከፍቶ በዓይን ታየ፤ «ይዤዋለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም። ስልክ ስለ ማጥፋት የሚነገረው በአስተናጋጆቹ፣ እንግዳ ሲቀመጥ ነው እንጂ በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ አይደለም። በቦርሳው ውስጥ፦ ውኃ፣ ሶፍት፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ወረቀቱን ከነፋስ የሚይዝ ቆንጣጭ፣ ትርፍ ባትሪ።

መግቢያው በ12 ደቂቃ ዘገየ። ለዚህ ያህል ምንም አይቆረጥም። ነፋስ ስለነበር ቆንጣጩ ሥራውን ሠርቷል። በደወሉ ባትሪ ላይ እንግዶቹ ሲስቁ መሪው እስኪጨርሱ ጠበቀ፤ ሳቅ ላይ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር የጠፋ ነው። በአባትየው ስም ላይ የተያዘው ዝምታ ረዘም ብሏል፣ ሙሽሪት ቀና ስትል ቀጥሏል። ገመዱ ላይ ልጅቱ አጋማሹን ስታ አንዱን ጎን አስረዘመችው፤ መሪው ሲያሻግር አስተካከለው፣ ማንም አላወቀም። ከሸሚዙ የመጣውን ዘርፍ ለእንግዶቹ የሚገልጸው አንድ ዓረፍተ ነገር የተነገረው ቋጠሮው ከጠበቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢነገር እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከማብሰሪያው ቃል በኋላ መሪው ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ወጣ። ያን ካላደረገ በመሳሳማቸው ፎቶ መሐል የሚታየው የእሱ ፊት ነው።

ማግስቱ

ከቪዲዮው ላይ ጊዜው ተለካ። ታሪኩ ከ6 ወደ 7 ደቂቃ ሄዷል፣ ጭማሪው ሳቅ ነው። ቃል ኪዳኑ ከ4 ወደ 3 ወርዷል፤ ሲጨነቁ ሁለቱም ፈጥነዋል። ገመዱ 4 ወስዷል። ጠቅላላ 26። ለልጅ እጅ የሚተው ሥርዓት ከአሁን በኋላ በአንድ ደቂቃ ትርፍ ይያዛል።

ለጥንዶቹ የሚላከው፦ በዕለቱ የተነበበው ጽሑፍ እርማቱ ገብቶበት፣ የሁለቱ ቃል ኪዳን በጠንካራ ወረቀት፣ ገመዱ ቋጠሮው ሳይፈታ የሚቀመጥበት ሣጥን ልክ ከነመለኪያው፦ 30 በ20 በ8 ሴንቲ ሜትር። የመጠይቁ መልሶች ተሰርዘዋል፤ የታተሙትም ተቀደዋል።